እንጨቱን ያዝ

ቲቡርሲዮን ሳያውቅ ደሴታችንን ረግጦ የተመለሰ እንግዳ የለም። ከማዶው መንደራችን ከፖርቶ አሌግሬ ወደ ሮላሽ ደሴት የሚያሻግሩት ጀልባዎች ሰባት ናቸው፤ እንግዶቹ ተሽቀዳድመው የሚገቡት ግን የእሱ ውስጥ ነው። የእሱ ጀልባ ከሌሎቹ አይሻልም። ወንበሩ ይቆረቁራል፣ ሞተሩም እንደ አሮጌ ሰው ሳል አለበት። ሰውን የሚስበው ምላሱ ነው።

እኔ ዴልፊና እባላለሁ። በደሴቲቱ ዳርቻ ከትልቁ የዳቦ ፍሬ ዛፍ ሥር ዓሣ ስጠብስ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ጠዋት ቅርጫቴን ይዤ በቲቡርሲዮ ጀልባ እሻገራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ባዶውን ይዤ እመለሳለሁ። ልጁን ሉዶቪናን ክርስትና ያነሳኋት እኔ ስለሆንኩ አበልጄ ነው። ከዚያም በፊት የወተት ጥርሳችንን ያወለቅነው አንድ ሰፈር ነው። ስለዚህ ስለ እሱ ክፉም ደግም ብናገር ማንም አይከለክለኝም፣ እሱም ቢሆን።

እንግዶች እዚህ መጥተው የሚያደርጉት ነገር የታወቀ ነው። መጀመሪያ ኮረብታው ላይ ወጥተው የምድር ወገብ የሚያልፍበት መስመር ላይ አንድ እግር ወዲህ፣ አንድ እግር ወዲያ አድርገው ፎቶ ይነሳሉ። ቀጥለው ባሕሩ በድንጋይ ሽንቁር ሽቅብ ወደሚተፋበት ቦታ ይሄዳሉ፤ እንደሚያርሳቸው እየተነገራቸው ይጠጋሉ፣ ሲያርሳቸው ይጮሃሉ። ከዚያ ሉዶቪና የውሃ መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ አድላቸው ዓሣ ልታሳያቸው ይዛቸው ትገባለች። በመጨረሻ እኔ ዘንድ መጥተው ዓሣ በሙዝ ይበላሉ፣ ከዛፉ ሥር አፋቸውን ከፍተው ይተኛሉ። ሲነቁ ደግሞ «ደከመን» ይላሉ። ምን ሠርተው እንደደከማቸው ጠይቄ አላውቅም፤ ገበያዬን ለምን አበላሻለሁ?

የቲቡርሲዮ ሥራ ማሻገር ብቻ ነበር፤ እሱ ግን ወሬ ጨመረበት። ዓሣዎቹ የሚኖሩበት የባሕር ድንጋይ፣ ኮራሉ ጋ ሲደርስ ሞተሩን ቀስ ያደርግና ጣቱን ወደ ውሃው ይቀስራል።

«እዚህ ታች አንድ ሰማያዊ ዓሣ አለ፣ ጅራቱ ቢጫ። ቤቱ ከድንጋዩ በስተግራ ነው። ሚስቱ ኃይለኛ ናት፣ እጃችሁን እንዳትሰዱ። ትናንት ተጣልተው ነበር፣ ዛሬ ታርቀው እንደሆነ እናያለን።»

ሉዶቪና ትተረጉማለች፣ ጀልባው በሳቅ ይናወጣል። እንግዶቹ ከውሃው ሲወጡ ደግሞ «አየናቸው፣ ታርቀዋል!» ይሉታል። እንዲህ እያለ ሃያ ዓመት ኖረ። አንድ እንግዳ «አንተስ ለምን አትገባም?» ያለው እንደሆነ ደረቱን ነፍቶ «ካፒቴን ጀልባውን ጥሎ አይገባም» ይላል። ሉዶቪና ስድስት ዓመቷ ሳለ ዋና ስትማር «አባትሽ አንቺ ሳትወለጂ ዓሣዎችን ዋና ያስተማረ ሰው ነው» ብሏታል። ዓይኑን በጨው አጥቦ ነበር የዋሻት።

በእኛ ዳርቻ የድሮ ጀልባ ነጂዎች ዋና አይማሩም ነበር። እኛ ሴቶቹ ከድንጋይ ላይ ዛጎል ስለምንለቅም በልጅነታችን እንማራለን። ወንዶቹ ግን «ዋና የሚያውቅ ጀልባውን ይንቃል» ይላሉ። ባሕር ላይ ክፉ ቀን ከመጣ ሕጋቸው አንድ ነው፦ እንጨቱን ያዝ። ጀልባው ቢገለበጥም ቢሰበርም እንጨት ይንሳፈፋል፤ እሱን የያዘ ይተርፋል።

ቲቡርሲዮ ይህን ሕግ የተማረው በዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከአባቱና ከታላቅ ወንድሙ ከአማንሲዮ ጋር ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ፣ በመሻገሪያው መሃል ካለው ጥቁር ድንጋይ ጋር ተላተሙ። ከግንድ የተፈለፈለችው ጀልባ ለሁለት ተሰነጠቀችና አንዱን ወገን ማዕበሉ ወሰደው። ከዚያ በኋላ የተወራው አባትየው ያወሩት ነው። «እንጨቱን ያዙ!» አሉ። ቲቡርሲዮ ያዘ። አማንሲዮ ጥቂት ይዞ ለቀቀና ወደ ደሴቲቱ መዋኘት ጀመረ። በዳርቻው ካሉት ወንዶች መሃል፣ ከእኛ ከሴቶቹ ጋር እየተሳቀበት ዋና የተማረው እሱ ብቻ ነበር። አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አባትና ትንሹ ልጅ እንጨታቸውን እንዳቀፉ ከሰዓት በኋላ ማዕበሉ ወደ ባሕሩ ዳር ተፋቸው፤ አማንሲዮ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ለቅሶው ቤት ነበርኩ፣ የአስራ አንድ ዓመት ልጅ። አባትየው በሰው መሃል ተነስተው «ዋና ይችል ነበር! ልጄ ዋና ይችል ነበር!» አሉና መሬቱ ላይ ተፉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሰፈራችን ልቡ ላበጠ ሰው ሁሉ «ዋና ይችል ነበር» ይባላል። ቲቡርሲዮም ስንቱን ጎረምሳ በዚህ ቃል አሳፍሮታል።

በእኛ ዘንድ ባሕር የወሰደው ሰው የቀረበት ቦታ ሲታለፍ ጥቂት የዘንባባ ጠጅ ይፈስስለታል። ቲቡርሲዮ ግን ጥቁሩን ድንጋይ ሲያልፍ ሞተሩን ያስጮኸዋል እንጂ ጠብታ አያፈስም። አንድ ጊዜ ብጠይቀው «እንጨቱን ለለቀቀ ሰው ጠጅ የለኝም» አለኝ። በዚያ ቀን ተቀይሜው ነበር፤ አማንሲዮን እወደው ነበርና።

እንግዲህ የፈሩት ይደርሳል ነው። ባለፈው ዓመት የነፋሱ ወር ሲገባ የወደቡ ሹም ከከተማ መጥቶ ማስታወቂያ ለጠፈ። እንግዳ የሚያሻግር ሁሉ ያለ ተንሳፋፊ ሰደርያ ከጀልባው ዘሎ ባሕሩ ላይ እስከሚንሳፈፈው ቀይ በርሜል ዋኝቶ መመለስ አለበት። ፈተናው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ያልቻለ መሪውን ለሌላ ያስረክባል። ስድስቱ ጀልባ ነጂዎች ወጣቶች ናቸው፣ ዋና ያውቃሉ፤ ማስታወቂያውን አንብበው ሳቁ። ቲቡርሲዮም አብሯቸው ሳቀ።

በማግስቱ እንግዶቹ በልተው ሲተኙ ከምድጃዬ አጠገብ መጥቶ ቆመ።

«አበልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር።»

«ዓሣ በነፃ ከሆነ አልቋል።»

«የምን ዓሣ! እ... አንቺ ልጅ ሳለሽ ዋና የተማርሽው እንዴት ነበር?»

«ወደቅኩ፣ ጠጣሁ፣ ወጣሁ። ምነው?»

ዙሪያውን ተገላመጠ። ያን ጊዜ ገባኝና ክው አልኩ። በወጣትነቱ ከተማ የኖረ ጊዜ ዋና ተምሮ ይሆናል ብዬ ትቼው ነበር።

«አንተ! ሃምሳ ስምንት ዓመትህ እኮ ነው!»

«ቀስ በይ እንጂ! መላው ደሴት ይስማሽ?»

«ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ጭነህ ስትሻገር...»

«አንድ ሰው ጥዬ አውቃለሁ? ንገሪኛ! አንድ ባርኔጣ እንኳ ጠፍቶብኝ ያውቃል?»

እውነቱን ነው፣ አልጣለም። እንደ እሱ ባሕር የሚያነብ የለም። ግን ያ ሹም ንባብ አልጠየቀም።

«ሉዶቪና ታስተምርህ። ሥራዋ አይደል?»

«ከእሷ ፊት ከምቆም መሪውን ባስረክብ ይሻለኛል» አለና ወደ ጀልባው ዞሮ አየ። «ዴልፊና፣ እኔ ያለ መሪ ምንድን ነኝ? ባሕሩ ዳር ተቀምጬ መረብ የምሰፋ ሽማግሌ እሆናለሁ።»

አንጀቴን በላው። በማግስቱ ጀመርን።

ከዛፌ ጀርባ ከድንጋይ የተከለለ ትንሽ ገባ ያለ ባሕር አለ፤ ከዳርቻው አይታይም። እንግዶቹ ሲያንኮራፉ፣ ሉዶቪና መነጽሮቿን ስታጥብ፣ እኔና እሱ እዚያ እንገናኛለን። መጀመሪያ ቀን መቅዘፊያ ይዞ መጣ።

«ይህ ለምንድን ነው?»

«እንጨት ነው።»

«እሱስ እንጨት ነው። ልትቀዝፍበት ነው?»

«እይዘዋለሁ» አለ፣ ፊቱን ቅጭም አድርጎ። ተውኩት። ሳምንቱን ሙሉ ውሃው ወገቡ ላይ ሲደርስ ቆሞ መቅዘፊያውን አቅፎ ዋለ። በጀርባህ ተኛ ስለው ይሰምጣል፣ ያንን የሚያህል ውሃ ይጠጣና ይወጣል።

«ጨው ነው!» ይለኛል እየተፋ።

«ሃምሳ ስምንት ዓመት ምን መስሎህ ነበር፣ ስኳር?»

በዘጠነኛው ቀን ትዕግሥቴ አለቀ። እግር እንዴት እንደሚመታ ላሳየው ብዬ ጠለቅ ወዳለው ውሃ ወሰድኩትና የመቅዘፊያውን ሌላኛውን ጫፍ ይዤ ተንጠለጠልኩ። ሁለታችን ስንንጠለጠልበት መቅዘፊያው ቁልቁል ሄደ፤ ውሃው አፍንጫችን ጋ ደረሰ። እሱ ዓይኑን አፍጥጦ ጭምቅ አድርጎ ያዘው። እኔ ለቀቅኩት። ያን ጊዜ መቅዘፊያው እሱን ተሸክሞ ብቅ አለ።

ቲቡርሲዮ አየኝ። እንደዚያ አድርጎ አይቶኝ አያውቅም። ከውሃው ወጥቶ አሸዋው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ሄዶ ሞተሩን አስነሳ፤ እንግዶቹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው እየሮጡ ደረሱበት። ውፍረቴን ታዝቦ መስሎኝ በጣም ተናደድኩ። የሠላሳ ዓመት ጥብስ ያመጣውን ውፍረት የሚታዘብ ሰው ዓሣዬን ሲበላ የት ነበር?

ሁለት ቀን ወደ ትምህርቱ አልመጣም። በጀልባውም ላይ አላወራም፤ እንግዶቹ «ስለ ዓሣው ባልና ሚስት ንገረን» ቢሉት «ታመዋል» ብሎ ዝም አሰኛቸው። በሦስተኛው ቀን መቅዘፊያውን ይዞ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ።

«አማንሲዮን ዋና ያስተማራችሁት እናንተ ናችሁ አይደል?»

ስሙን ከአፉ ስሰማ ከለቅሶው ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

«እህቴ ናት ያስተማረችው።»

«ጎበዝ ነበር?»

«ከሁላችን።»

«ከጥቁሩ ድንጋይ እስከዚህ መድረስ ይችል ነበር? በነፋሱ ወር?»

«በነፋሱ ወር ማንም አይችልም። ማዕበሉ ወዴት እንደሚወስድ እሱም ያውቅ ነበር፤ ስንቴ አብረን አይተነዋል።»

«ያውቅ ነበር» አለ። ራሱን ደጋግሞ ነቀነቀ። ከዚያ ተነሳና መቅዘፊያውን አሸዋው ላይ ተክሎት ባዶ እጁን ወደ ውሃው ገባ። «ነይ አስተምሪኝ።»

ያን ቀን ከሉዶቪና ቅርጫት አንድ መነጽር ሰርቄ አመጣሁ። ወደ ታች እያየ ፍርሃቱን እንዲረሳ ብዬ ነው፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ፣ ሲያስተምርም እንደዚያው ነው። ሆዱን በመዳፌ ደገፍኩለትና ፊቱን ነከረ። ቆየ። ሞተ እንዴ ብዬ ልጎትተው ስል ብድግ ብሎ ጮኸ።

«ቢጫ አይደለም!»

«ምኑ?»

«ጅራቱ! ሃያ ዓመት ሙሉ ቢጫ ነው እያልኩ... ብርቱካናማ ነው! ደግሞ ሚስቱ አረንጓዴ ናት! ማንም አልነገረኝም እኮ!»

«ባለትዳር መሆናቸውን ማን ነገረህ?»

ተመልሶ ገብቷል። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ብቅ አለ። «ድንጋይ ያኝካል! ይሰማል፣ ቁርጭም ቁርጭም ይላል! ስሚ!» አለና ፊቱን መልሶ ነከረ። ዓሣው ራቅ ሲል ተከተለው፣ ቀጥሎም ሌላ ዓሣ ተከተለ። መዳፌን ካነሳሁ ቆይቼ ነበር። ከመቅዘፊያው ሃያ ክንድ መራቁን ስነግረው ለመስጠም ሞከረ፤ ገላው ግን አንዴ ለምዶታልና እምቢ አለው። ከዚያ በኋላ ከውሃው ማውጣት ነው ያቃተኝ። እንግዶች ደሴታችን ላይ ለምን እንደዚያ እንደሚጮሁ በስተርጅናው ገባው።

የፈተናው ቀን ሰው ሁሉ ባሕሩ ዳር ወጣ። ሹሙ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በራሱ ጀልባ መጣ። ስድስቱ ወጣቶች ተራ በተራ ዘለው ተመለሱ። የቲቡርሲዮ ተራ ሲደርስ ሉዶቪና ለእንግዶቹ «አሁን አባባን ተመልከቱ!» አለች። እኔ ቅርጫቴ ላይ ተቀምጬ ላብ ያጠምቀኛል።

ጀልባው ጠርዝ ላይ ቆመ። አንድ እጁ ጀልባውን ይዟል። ቆየ፣ በጣም ቆየ።

«አባት፣ ቢቀርብዎትስ?» አለ ሹሙ። «ዕድሜም አለ እኮ። መሪውን ለጎልማሳ ቢሰጡ ማንም አያፍርብዎትም።»

«አንተ ልጅ፣ አጎትህን ሙሽራ ሆኖ ያሻገርኩት እኔ ነኝ፤ በመንገድ ሙሉ ሲያስታውከው ግንባሩን ይዤለት ነበር። ቁም ብዬሃለሁ!» አለና ጀልባውን ለቀቀ።

አወዳደቁ እንደ ጆንያ ነበር፤ አዋዋኙም አያምርም። ግን ይሄዳል። በርሜሉን ነካ፣ ሰው አጨበጨበ። ሲመለስ መንገዱ እኩሌታ ላይ ፊቱን ነከረና ቀጥ አለ። አይንቀሳቀስም። ሹሙ ፊሽካውን ነፋ፣ እኔ ጮህኩ። ሉዶቪና ከነልብሷ ዘላ በአራት ምት ደረሰችበትና አንገቱን ያዘችው። ቀና አለ።

«ልቀቂኝ! ሲያኝክ እየሰማሁት ነበር፣ አስደነገጥሽው!»

እጇን ገፍቶ ቀሪውን ዋኝቶ ጨረሰ። ሹሙ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወረቀቱን ፈረመ። ሉዶቪና ግን አልሳቀችም። ውሃው እየተንጠባጠበባት አባቷ ፊት ቆመች። ስንቱን እንግዳ ያስተማረች ልጅ ናት፣ የሦስት ሳምንት ዋናተኛ ሊያታልላት አይችልም።

«አባባ፣ ዋና የተማርከው መቼ ነው?»

«አንቺ ከተወለድሽ በኋላ» አላት።

ከዚያ አቀፈችው፣ እሱም አቀፋት። «ክንድህን በጣም ታጥፋለህ፤ ከነገ ጀምሮ እኔ ነኝ የማስተምርህ» አለችው።

በማግስቱ እንደ ወትሮው ቅርጫቴን ይዤ ተሳፈርኩ። ስምንት እንግዶች ነበሩ። ከመሪው ሥር አንድ ጠርሙስ የዘንባባ ጠጅ አየሁና «ለወረቀቱ ደስታ ልትጠጣው ነው?» አልኩት። ጥቁሩ ድንጋይ ጋ ስንደርስ ሞተሩን ያስጮኸዋል ብዬ ስጠብቅ አጠፋው። ጀልባው ዝም ብሎ መወዛወዝ ያዘ።

«ዴልፊና» አለኝ፣ ሌላው በማይሰማው ድምፅ። «መቅዘፊያውን አብረሽኝ ስትይዢው ሰጠመ። ስትለቂው ተንሳፈፈ።»

«አዎ።»

«ከጀልባዋ የተረፈውም ትንሽ ነበር። ሦስት ሰው አይችልም። አፌ ውስጥ ውሃ ሲገባ አስታውሳለሁ፤ ከዚያ ድንገት ከፍ ማለቴን አስታውሳለሁ። ለምን ከፍ እንዳልኩ አርባ ዘጠኝ ዓመት አልጠየቅኩም።»

እንባዬ ቅርጫቱ ውስጥ ባለው ዓሣ ላይ ይወርዳል።

«አባቴ ያውቅ ነበር» አለ። «ለዚህ ነው እስኪሞት ሲሰድበው የኖረው። እውነቱን ቢናገር፣ እንጨቱን ያልለቀቀው እሱ ዓይኔን እንዴት ያይ ነበር?»

ጠርሙሱን ከፈተና ጠጁን ወደ ባሕሩ አፈሰሰ። እንደ ሌላው ሰው ጥቂት ጠብታ አይደለም፣ ጠርሙሱ ባዶ እስኪሆን ድረስ አፈሰሰው። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ሴትዮ ወደ ሉዶቪና ጎንበስ ብላ ምን እያደረገ እንደሆነ ጠየቀቻት። ሉዶቪና አባቷን አየችው።

«አባባ፣ ለማን ነው ይሉሃል። ምን ልበላቸው?»

ቲቡርሲዮ ባዶውን ጠርሙስ በሁለት እጁ እንደያዘ ወደ ውሃው አየ።

«ለወንድሜ ነው በያቸው። ዋና ይችል ነበር።»

ሉዶቪና ቃል በቃል ነገረቻቸው።